ቁራኛ

ከስኬልደ ወንዝ ማዶ፣ ከጡብ ቤቶች ጀርባ፣
ኦዲል ከርግቦቹ ቆጥ መሰላል ወጥቶ ሲገባ
በመስኮቴ አየዋለሁ። ዛሬም ቀስ ብሎ ወጣ፤
ዘጠኝ ቀን መድኃኒት ሰጠ፣ ዘጠኝ ቀን ለውጥ ሳይመጣ።

የአንዷ ዓይን ያለቅሳል፣
አንዱ በአፉ ይተነፍሳል፣
ሰማያዊዋ እናት፣ በአምናው ውድድር
ከባርሴሎና ተለቅቃ በማግስቱ የደረሰች መንደር፣
ክንፏን እንደ ረጠበ ካፖርት ጥላ
ጥግ ይዛ ቆማለች፣ እህል ሳትበላ።

"ጎደሊቭ" አለኝ በአጥሩ ላይ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣
"ሐኪሙ ብጫ ዱቄት ሸጠልኝ፣
ለቀለም እንጂ ለበሽታ የማይዘልቅ።"

እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በብልቃጥ
የወረዳውን ውሃ ለክቻለሁ፤
ድንጋይ ነው የቀለጠ፣ የሚመች ለመዋጥ።
ስለዚህ ዱቄቱን አልጠረጠርኩም። መሰላሉን ወጣሁ፣
ጉልበቴን እየረገምኩ ቆጡን ዞሬ አየሁ፦
በአንዱ ሳህን መድኃኒቱ፣ በቧንቧ ውሃ የተበጠበጠ፣
በሌላው የባሕር ዛጎል፣ እንደ በረዶ የተቀጠቀጠ፣
ቀይ ጠጠር፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ እንዲነክሱት የተሰቀለ የኖራ ጡብ፤
ፍቅር ነው ሁሉም።
ለታመመ ማን "በቃህ" ብሎ ከለከለ?

"ኦዲል" አልኩት፣ "ጠላትህ በሽታው ብቻ አይደለም፤
ቸርነትህ ነው። መድኃኒቱ ከሆዳቸው አልፎ ደም
ውስጥ አይገባም።
ኖራው ያልተከፈለው አበዳሪ ነው፤ መንገድ ላይ ይጠብቃል፣
መድኃኒቱን እጅ ከእጅ ቆራኝቶ ይዞት ይወድቃል፤
ሁለቱ እንደታሰሩ ከአንጀት ደጅ ያልፋሉ ሳያንኳኩ፣
በማለዳ በአካፋ የምትጥለው ኩስ
ገንዘብህ ነው፣ ከነልኩ።"

አላመነኝም። "ኖራ አጥንት ነው፤ ያለ ዛጎል እንቁላል የለ፤
አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር" አለ።

ከቆጡ ወርደን ወጥ ቤቱ ገባሁ፤ ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ።
ከኢርማ ሞት ወዲህ፣ አራት ዓመት፣ ማንም አላጠበው፤
ሆዱ እንደ ዋሻ ነጥቷል፣ ኖራ ደራርቦ አጠበበው።
አንድ ማንኪያ አሲድ አመጣሁ፣ ሎሚን ሎሚ ያሰኘው፣
ስኳር መሳይ፣ ምላስ ብቻ ውሸቱን ያገኘው።
ጨመርኩ። ዝም አለ።
ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ሹክሹክታ፣
ከዚያ የቅዳሜ ገበያ ጫጫታ።
ቅርፊቱ ተላቆ ወረደ፤ ከሥሩ ብረቱ ታየ፤
ኦዲል ጎንበስ ብሎ የገዛ ፊቱን አየ፣
ጎንበስ እንዳለም ቆየ።

"አሲዱ ዋስ ነው" አልኩት፣ "ፊት ቀድሞ ይደርስና
ኖራውን 'እኔን እሰር' ይለዋል፣ 'ቁራኛህ እኔ ልሁንና';
መድኃኒቱ እጁ ተፈትቶ ያልፋል ወደ ደም ጎዳና።
መድኃኒቱ እስኪያልቅ ዛጎልና ጠጠሩን አንሣ፤
ክልከላም ፍቅር ነው፣ ጊዜውን ካልረሳ።
የአሲዱን ልክ ግን ሐኪሙን ጠይቅ፤
እኔ ውሃ እንጂ ደም አላውቅ።"

በዚያው ማታ ሳህኖቹን አወረደ፣ እያጉረመረመ፤
ሐኪሙ ጋ ደውሎ ልኩን በጠመኔ፣
እሱም ኖራ ነው፣ በቆጡ በር ላይ አተመ።
ርግቦቹ አንድ ጊዜ ቀመሱት፤ አንገታቸውን ነቀነቁ፣
ጉቦ እንደ ቀረበለት ጻድቅ ዳኛ ደረታቸውን ነፍተው ራቁ።
ኋላ ጠማቸው። ጠጡ።

በአራተኛው ቀን የዚያችኛዋ ዓይን ደረቀ።
በስድስተኛው አንዱ ኦዲል ባርኔጣ ላይ ኮሰ፤
ይህን እንደ ምሥራች በአጥሩ ላይ ነገረኝ፣ እየሳቀ።

ሰማያዊዋ አልተመለሰችም። ዘግይተንባት ነበር።
በፖም ዛፉ ሥር ቀበራት፤
የከለከላትን ዛጎል አፈሩ ላይ በተነላት።

ትናንት ሻይ ጠራኝ። ማንቆርቆሪያው ያበራል።
ኦዲል፣ ከአንድ ቃል ሁለት የማይወጣው፣ ስለ ኢርማ ያወራል፦
ስለ ሆምጣጤዋ፣ ስለ ስድቧ፣
በሠርጋቸው ቀን ስለ ዘነበው ዝናብ።

ሎሚ ቆርጦ በጽዋዬ ጣለ።
ሎሚ በሻይ አልወድም።
ጠጣሁት።